መልሱን እያወቅኩ ኢንተርቪው ላይ ለምን ወደቅኩ?

ጥያቄ፦ «ሰላም ጋሼ። በሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ ከተመረቅኩ 2 ዓመት ሆኖኛል። አንድ ትንሽ ድርጅት ውስጥ ባክኤንድ ዲቨሎፐር ነኝ፤ ተጠቃሚው የማያየውን የሲስተሙን ክፍል እጽፋለሁ። በቅርቡ ለውጭ ደንበኞች ሶፍትዌር የሚሠራ የአዲስ አበባ ኩባንያ ለኢንተርቪው ጠራኝ። መጀመሪያ የሰው ኃይል (ኤችአር) ባለሙያዋ በስልክ አናገረችኝ። ከዚያ ቤቴ የምሠራው ፕሮጀክት ሰጡኝ፤ 4 ሌሊት ፈጀብኝ። ወደዱት። በመጨረሻ ሁለት ሲኒየር ኢንጂነሮች ባሉበት ስክሪን ሼር አድርጌ ኮድ እንድጽፍ ጠየቁኝ። ጥያቄው ከባድ አልነበረም። ግን ጭንቅላቴ ባዶ ሆነ። ወደ 10 ደቂቃ ዝም ብዬ ስክሪኑን አየሁ። ማታ ቤቴ ስገባ በ5 ደቂቃ ጻፍኩት። ደሞዝ ስንት ትፈልጊያለሽ ሲሉኝም ‹እንደ ድርጅቱ አሠራር› አልኩ። ይኸው 3 ሳምንት ሆነ፣ ድምፃቸው ጠፋ። ችግሩ እኔ ጋ ነው ወይስ እነሱ ጋ? ብጠይቃቸውስ እናቃለሁ?»

መልስ፦ እህቴ፣ ከመጨረሻው ልነሳ። መጠየቅ አያስንቅም። ነገ ጠዋት ጻፊላቸው። ምን ብለሽ እንደምትጽፊ ወደ ታች እነግርሻለሁ።

ኮድ መጻፍ ከጀመርኩ 15 ዓመት አልፎኛል። ያለፉትን 8 ዓመታት ደግሞ ከጠረጴዛው ማዶ ተቀምጬ ሥራ ፈላጊዎችን እጠይቃለሁ። እንዳንቺ መልሱን ይዘው ገብተው ሳይናገሩት የወጡ ብዙ ልጆች አይቻለሁ። እኔም አንዴ እንደዚያው ወጥቻለሁ። ስለዚህ ቤትሽ ገብተሽ በ5 ደቂቃ ጻፍኩት ስትይ አምንሻለሁ። አንቺን የጎዳሽ ያ የ10 ደቂቃ ዝምታ ነው።

እኛ ስናድግ ዝምታ ጨዋነት ነው። ትልቅ ሰው ፊት የመጣልንን አንናገርም። ትምህርት ቤትም እጅ የሚወጣው መልሱ ሲታወቅ ነው፤ ተሳስቶ የተናገረ ይሳቅበታል። «ዝም አይነቅዝም» ይባላል። ለብዙ ነገር እውነት ነው። ቴክ ኢንተርቪው ላይ ግን ዝምታ ይነቅዛል፣ ያውም ቶሎ።

ለምን እንደሆነ ከማዶ ላሳይሽ። ደህና አድርጎ የሚሠራ ኩባንያ ውስጥ ጠያቂው ፊት ቅጽ አለ። ቅጹ ላይ «መልሱን አገኘች ወይስ አላገኘችም» የሚለው አንዱ መስመር ብቻ ነው። ሌሎቹ እንዲህ ይላሉ፦ ጥያቄውን በደንብ አጣርታለች? ከአንድ በላይ መንገድ አስባ አመዛዝናለች? ኮዷ ይነበባል? የጻፈችውን ራሷ ፈትሻለች? ፍንጭ ሲሰጣት ትሰማለች? ጠያቂው ከኢንተርቪው በኋላ ለእያንዳንዱ ማስረጃ መጻፍ አለበት። አንቺ ዝም ስትይ የሚጽፈው ነገር ያጣል። አእምሮሽ ውስጥ ሦስት መንገድ አንስተሽ ሁለቱን ጥለሽ ሊሆን ይችላል። እሱ የሚያየው ብልጭ ድርግም የሚል ከርሰር ነው። ባዶ የቀረ መስመር ደግሞ ለአንቺ ጥቅም አይቆጠርም።

የራሴን ልንገርሽ። ገና ጀማሪ ሳለሁ አንድ ኩባንያ ሊንክድ ሊስት (እርስ በርስ የተያያዘ የመረጃ ዝርዝር) ገልብጥ አለኝ። ዩኒቨርሲቲ ስንት ጊዜ የሠራሁት ነው። ሁለት ሰዎች ከፊቴ ተቀምጠው ሲያዩኝ እጄ ላይ ያለው ማርከር ከበደኝ። አንዱ ጠያቂ ትንሽ ቆይቶ ስልኩን ማየት ጀመረ። ያ ስልክ ጨረሰኝ። ከዚያ በኋላ አንድ ቃል አልወጣኝም። ለረጅም ጊዜ ለማንም አልተናገርኩም፤ ችሎታ የለኝም ማለት ነው ብዬ አምኜ ነበር።

አለመሆኑን የገባኝ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የኖርዝ ካሮላይና ስቴት ዩኒቨርሲቲና የማይክሮሶፍት ተመራማሪዎች አንድ ጥናት አወጡ። 48 የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎችን ለሁለት ከፈሉ። ግማሾቹ ጠያቂ እያያቸው ሰሌዳ ላይ እየተናገሩ ሠሩ። ግማሾቹ ተመሳሳዩን ጥያቄ ማንም በሌለበት ክፍል ብቻቸውን ሠሩ። ሰው እያያቸው የሠሩት ውጤት ብቻቸውን ከሠሩት በግማሽ ያህል አነሰ። በሰው ፊት የሠሩት ሴቶች ሁሉም ወደቁ፤ ብቻቸውን የሠሩት ሴቶች ሁሉም አለፉ። የሴቶቹ ቁጥር ትንሽ ስለነበር ከዚያ ተነስቶ ትልቅ ድምዳሜ መስጠት አይቻልም፤ ይህን ተመራማሪዎቹም ተናግረዋል። ግን ቤትሽ ስትገቢ 5 ደቂቃ የፈጀብሽ ለምን እንደሆነ ይገባሻል አይደል? ቤትሽ ውስጥ ማንም አያይሽም።

እንግዲህ ፍርሃቱን በአንድ ቀን ማጥፋት አይቻልም። አፍሽን ማላቀቅ ግን ይቻላል። ምን ዓይነት ንግግር እንደምንፈልግ በምሳሌ ላሳይሽ።

ጥያቄው እንዲህ ነው እንበል፦ «የ10,000 የክፍያ ቁጥሮች ዝርዝር አለ። ሁለት ጊዜ የገባ ቁጥር ካለ አውጪ።» ዝም የምትለዋ ልጅ ወዲያው ምርጡን መልስ ለማምጣት ትታገላለች። የምትናገረዋ ግን በጥያቄ ትጀምራለች። «ቁጥሮቹ በቅደም ተከተል የተደረደሩ ናቸው? ሦስት ጊዜ የገባ ሊኖር ይችላል? ዝርዝሩ ባዶ ከሆነ ምን ልመልስ?» ይህ ራሱ ነጥብ ነው። ሥራ ላይ ሳትጠይቅ ኮድ መጻፍ የምትጀምር ሰው ለቡድኑ ስንት ቀን እንደምታስከፍል ጠያቂው ያውቃል።

ከዚያ ደካማውን መንገድ ሳታፍር ትናገራለች። «ቀላሉ እያንዳንዱን ከሌሎቹ ሁሉ ጋር ማወዳደር ነው። ይሠራል። ግን ለ10,000 ቁጥር ወደ 50 ሚሊዮን ማወዳደር ይሆናል። ቀርፋፋ ነው።» አየሽ? ገና አንድ መስመር ኮድ አልጻፈችም። ጠያቂው ግን ሁለት ሦስት ነገር ጽፏል። ቀጥላ እንዲህ ትላለች፦ «ያየሁትን ቁጥር ‹ሴት› (set) በሚባለው፣ አንድን ነገር ሁለቴ በማይዝ ስብስብ ውስጥ ባስቀምጥ፣ አዲሱ ሲመጣ እዚያ ውስጥ መኖሩን ብቻ እጠይቃለሁ። ዝርዝሩን አንዴ ብቻ ነው የማልፈው። ዋጋው ተጨማሪ ሜሞሪ ነው።» አሁን ትጽፋለች። ስትጨርስ ደግሞ «ጨረስኩ» ብላ እጇን አታነሳም። አራት ቁጥር ወስዳ ኮዱን በመስመር በመስመር ትከተላለች። ስህተት ካገኘች «ይኸው፣ እዚህ ጋ ተሳስቻለሁ» ትላለች። እኔ ራሱን ያረመን ሰው ምንም ካልተሳሳተ ሰው ይልቅ አምኜ ቀጥሬያለሁ። ሥራው በአብዛኛው ስህተት ማግኘት ነው።

ጭንቅላትሽ በእውነት ባዶ ከሆነብሽስ? ይሆናል። ያኔ ዝምታውን ስም ስጪው፦ «2 ደቂቃ ለብቻዬ ላስብበት፣ ከዚያ የደረስኩበትን እነግራችኋለሁ።» ይህን የከለከለኝ ጠያቂ አላጋጠመኝም፤ እኔም ከልክዬ አላውቅም። ቀጥሎ የሚይዝሽን ነገር ብቻ ተናገሪ፦ «‹ሴት› (set) እንደሚያስፈልግ ገብቶኛል፣ ግን ሦስት ጊዜ የሚደጋገመውን ምን እንደማደርገው አልገባኝም።» እንዲህ ካልሽ ጠያቂው ሊረዳሽ ይችላል። ፍንጭ ተቀብሎ መሄድ ነጥብ አያስቀንስም ባልልሽም፣ ከዝምታ ጋር ግን አይወዳደርም።

የቋንቋውን ነገር አልጠየቅሽኝም፣ ግን መነሳት አለበት። ለውጭ ደንበኛ የሚሠሩ የአዲስ አበባ ኩባንያዎች ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ ይጠይቃሉ። በኋላ ደንበኛው ራሱ ሊያናግርሽ ስለሚችል ነው። በአማርኛ እያሰብሽ፣ ኮድ እየጻፍሽ፣ በእንግሊዝኛ መናገር ሦስት ሸክም ነው። ጠያቂዎቹ አበሾች ከሆኑ «ሳስብ አማርኛ ብቀላቅል ይከፋችኋል?» በይ። ይከፋናል የሚል ጥቂት ነው።

አሁን ወደ እነሱ ልምጣ። «ችግሩ እነሱ ጋ ነው ወይ» ያልሽውም ተገቢ ጥያቄ ነው።

ይህ የፈተና ዓይነት በዓለም ዙሪያ ብዙ ያጨቃጭቃል። ማክስ ሃውል የሚባል ሰው አለ። ማክ ኮምፒውተር ላይ ፕሮግራም ለመጫን ዲቨሎፐሮች የሚጠቀሙበትን ሆምብሩን የሠራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ጉግል ኢንተርቪው አድርጎ አልቀበለውም። ሰውየው በትዊተር ንዴቱን ጻፈ፦ 90 በመቶ ኢንጂነሮቻችን አንተ የጻፍከውን ሶፍትዌር ይጠቀማሉ፣ ግን ሰሌዳ ላይ ባይነሪ ትሪ (እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ያለው የመረጃ አደረጃጀት) መገልበጥ ስለማትችል ሂድ ተባልኩ የሚል ነው። ጉግል ራሱ ከዚያ በፊት «አውሮፕላን ውስጥ ስንት የጎልፍ ኳስ ይገባል» የመሰሉ እንቆቅልሾችን ይጠይቅ ነበር። የሰው ኃይል ኃላፊው የነበረው ላዝሎ ቦክ እ.ኤ.አ. በ2013 ለኒውዮርክ ታይምስ ጋዜጣ እነዚያ ጥያቄዎች ፍጹም ጊዜ ማባከን እንደነበሩ ተናገረ። ማን ጥሩ ሠራተኛ እንደሚሆን ምንም አይጠቁሙም። ይኸው ኩባንያ የራሱን መረጃ ሲመረምር 4 ኢንተርቪው 86 በመቶ እርግጠኛ ለመሆን እንደሚበቃ፣ ከዚያ በላይ የሚጨመረው እምብዛም እንደማይጠቅም ደረሰበት። ትልልቆቹም የሚማሩት ተሳስተው ነው ለማለት ነው።

ታዲያ ለምን አይተዉትም? ኩባንያ ጥሩ ሰው ቢያመልጠው አያውቀውም፤ ኪሳራው አይታይም። የማይሆን ሰው ከቀጠረ ግን ወራት ይቃጠላል፣ ቡድኑ ይታመማል። ስለዚህ ሲጠራጠር «ይለፈን» ይላል። ብዙ ጎበዝ ሰው የሚወድቀው በዚህ ምክንያት ነው። ይህን ስነግርሽ ላጽናናሽ ብዬ ብቻ አይደለም። ሌላ ቦታ ስትሞክሪ ውጤቱ ሊለይ እንደሚችል እንድታውቂ ነው።

የቤት ፕሮጀክቱ ግን አናዶኛል። 4 ሌሊት! አንቺ ቀን ሌላ ቦታ እየሠራሽ። እኔ ለሥራ ፈላጊ ከ3 ወይም ከ4 ሰዓት በላይ የሚፈጅ ሥራ አልሰጥም፤ የሚሰጠውንም አልደግፍም። ከአሁን በኋላ ሲሰጡሽ ሁለት ነገር ጠይቂ፦ «ስንት ሰዓት ይፈጃል ብላችሁ ታስባላችሁ?» እና «በምን በምን ነው የምትመዝኑት?» ሰዓቱ ሲሞላ ቁሚ። ያልደረስሽበትን ሪድሚ (README) በሚባለው የማብራሪያ ፋይል ላይ «ጊዜ ቢኖረኝ ይህን እጨምር ነበር» ብለሽ ጻፊ። ያ አንቀጽ ብዙ ጊዜ ከኮዱ በላይ ያናግረኛል። አሁን ሁሉም ቻትጂፒቲ ስለሚጠቀም፣ ከፕሮጀክቱ ቀጥሎ «ይህን መስመር ለምን እንዲህ ጻፍሽው?» የሚል ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። ማስረዳት የማትችይውን አንድም መስመር አትተዪ።

ሌላ ማስጠንቀቂያ። «ቢሮ መጥተሽ ሁለት ሳምንት በነፃ ሥሪና እንይሽ» የሚሉ አሉ። ይህ ኢንተርቪው አይደለም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ የሚደረግ ውል ነው። ከ60 የሥራ ቀናት መብለጥ አይችልም፣ ደሞዝም ይከፈልበታል። በነፃ ሥሪ የሚልሽን በትህትና እምቢ በይ።

3 ሳምንት መጥፋታቸውስ? ከውስጥ የሚሆነውን ስለማውቅ ልንገርሽ። አንዳንዴ አንደኛ የወጣው ሰው ኦፈር ተሰጥቶት መልሱ እየተጠበቀ ነው፣ አንቺ ሁለተኛ ነሽ። አንዳንዴ የውጭው ደንበኛ ውሉን ያዘገየዋል፣ ቅጥሩም ይቆማል። አንዳንዴ ወስነዋል፣ ግን «አይሆንም» ማለት የሚከብዳቸው ሰዎች ናቸው። ይሉኝታ ነው። ይሉኝታው ግን የሚጎዳው አንቺን ነው፤ ስልክሽን እያየሽ የምትውይው አንቺ ነሽ። እኔ የምሠራበት ቡድን ውስጥ ለእያንዳንዱ ሰው በ7 ቀን ውስጥ መልስ እንዲጻፍ ስታገል ኖሬያለሁ። አራት መስመር ለመጻፍ ስንት ደቂቃ ይፈጃል? 4 ሌሊት ሰጥታን የለም እንዴ?

እንዲህ ብለሽ ጻፊላቸው፦ «ጤና ይስጥልኝ። ከ3 ሳምንት በፊት ለባክኤንድ ዲቨሎፐር የሥራ መደብ ኢንተርቪው አድርጋችሁልኝ ነበር። ስለ ጊዜያችሁ አመሰግናለሁ። ቅጥሩ ምን ላይ እንደደረሰ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል። በዕለቱ የተጠየቅኩትን ኮድ በሰዓቱ አልጨረስኩትም፤ በኋላ ሠርቼው አያይዤዋለሁ። ውሳኔያችሁ አሉታዊ ቢሆንም ማሻሻል ያለብኝን አንድ ነገር ብትጠቁሙኝ ይጠቅመኛል።» አይበቃም? ይበቃል። ይቅርታ አታብዢ። ኮዱን መላክሽ ውሳኔውን ላይለውጥ ይችላል። ግን እንዲህ ያለ ኢሜይል ደርሶኝ፣ ሌላ ቦታ ሲከፈት መጀመሪያ የደወልኩላት ልጅ አለች። በ5 የሥራ ቀን ካልመለሱ ጉዳዩን ዝጊውና ሂጂ።

ደሞዙ ላይ «እንደ ድርጅቱ አሠራር» አትበይ። ትህትና ይመስላል፤ የሚሰማው ግን «ዋጋዬን አላውቅም» ተብሎ ነው። ቀድመሽ ሁለት ሦስት የሙያ ጓደኞችሽን ጠይቂና ከዚህ እስከዚህ ብለሽ ተናገሪ። ግሮስ ነው ወይስ ኔት የሚለውን ለይተሽ አስቀምጪ። ከግሮሱ ላይ እስከ 35 በመቶ የሚደርስ የሥራ ግብር አለ፣ የሠራተኛው 7 በመቶ ጡረታም አለ። ሁለት ሰው አንድ ቁጥር ተስማምቶ፣ አንዱ በእጅ የሚደርሰውን፣ ሌላው ያልተቆረጠውን ሲያስብ አይቻለሁ። የመጀመሪያው ደሞዝ ቀን ነው ጠቡ የሚነሳው።

ከኮድ ውጭ የሚጠየቀውም እንዳያመልጥሽ። አማዞን 16 የአመራር መርሆዎች አሉት፤ ጠያቂዎቹም በእነሱ ዙሪያ «እንዲህ ያደረግሽበትን ጊዜ ንገሪን» እያሉ ይጠይቃሉ። ትንንሽ ኩባንያዎችም ከዚያ ወስደዋል። እኛ እዚህ ላይ እንወድቃለን። «ሲስተሙ ተሠራ፣ ችግሩ ተፈታ» እንላለን። ማን ሠራው? ማን ፈታው? እኔ ማለት ጉራ ይመስለናል። ጠያቂው ግን ቡድንሽን ሳይሆን አንቺን ነው የሚቀጥረው። «ቡድናችን 4 ሰው ነበር። እኔ የክፍያውን ክፍል ጻፍኩ። ሁለት ጊዜ የሚቆርጠውን ስህተት ያገኘሁት እኔ ነኝ» በይ። እውነት ከሆነ ጉራ አይደለም።

ሰዓትም አለ። ግብዣው ላይ 3:00 ፒኤም ጂኤምቲ ካለ፣ አዲስ አበባ ላይ ከምሽቱ 12 ሰዓት ነው። ከቀኑ 9 ሰዓት ይሁን ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተምታቶበት የቀረ ጎበዝ ልጅ አውቃለሁ። ስትመልሺላቸው ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር ጽፈሽ አረጋግጪ። ስልክሽ ላይ ዳታ ሙዪ፣ ላፕቶፑን ቻርጅ አድርጊ። መብራት ሊጠፋ እንደሚችል ከመጀመሪያው ንገሪያቸው፤ ከጠፋ በኋላ ሲነገር ሰበብ ይመስላል።

ለሚቀጥለው ለመለማመድ ሊትኮድ የሚባለው የኮድ ጥያቄዎች ድረ ገጽ ብቻውን አይበቃም። እዚያ ብቻሽን ነሽ፣ ዝም ብለሽ ነው የምትሠሪው። ያ ዝምታሽን ያጠነክረዋል። አዲስ አበባ ውስጥ ኤቱኤስቪ (A2SV) የሚባለው የሥልጠና ድርጅት ተማሪዎችን ለትልልቅ የቴክ ኩባንያዎች ኢንተርቪው ሲያዘጋጅ፣ እርስ በርስ እየተጠያየቁ እንዲለማመዱ ያደርጋል። አንቺም አንድ ጓደኛ ይበቃሻል። በሳምንት ሁለት ቀን፣ 40 ደቂቃ፣ አንዴ አንቺ ጠያቂ፣ አንዴ እሷ። ጠያቂ ስትሆኚ ዝምታ ከማዶ እንዴት እንደሚሰማ ይገባሻል።

ስትለማመጂ ስልክሽን ክፈቺና ድምፅሽን ቅጂ። በኋላ አዳምጪው። ከ30 ሰከንድ በላይ ዝም ያልሽበት ቦታ ሁሉ ላይ ምልክት አድርጊ። እዚያ ቦታ ላይ ምን እያሰብሽ እንደነበር በአንድ ዓረፍተ ነገር ወረቀት ላይ ጻፊው። ኢንተርቪው ላይ ጮክ ብለሽ መናገር የነበረብሽ እሱን ነው።